አዋሽ ፓርክና የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ እንደ መማሪያ ክፍል፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተማሪ ይዘው ለሚነሱ መምህራን

ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚደረግ የትምህርት ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በሰዓት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው ሂርና ላይ ቁርስ፣ ጭሮ ላይ ሻይ ይላሉ፤ ፓርኩ በር ላይ ሲደርሱ ቀትር ሆኗል። በዚያ ሰዓት ሳላው (ቀንደ ረጅሙ የሜዳ እንስሳ፣ ኦሪክስ) የግራር ጥላ ይዟል፣ ከርከሮውም ከፀሐይ ተሸሽጓል። ተማሪው ፏፏቴው ጋ ፎቶ ተነስቶ፣ ላብ ጠምቆት ይመለሳል። ከዚያ «ፓርኩ ውስጥ እንስሳ የለም» የሚል ወሬ በትምህርት ቤቱ ይሰራጫል። እንስሳው ግን አለ። የሚታየው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። አዋሽ ለ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባዮሎጂና ጂኦግራፊ በምሥራቁ አገር ካሉት የመስክ መማሪያዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ይህ ግን ቢያንስ አንድ አዳር ሲኖረው ነው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ከሆነ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ማዋል ይሻላል። ባቢሌ ደግሞ ለብዙ ተማሪ አይሆንም፣ ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ልጆች የተፈጥሮ ክበብ ግን ወደር የለውም።

ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኮስተር ከነማረፊያው ሰባት ሰዓት ያህል አስቡ፤ የጨርጨር ተራሮች ጠመዝማዛና የጭነት መኪና ሰልፍ አያስቸኩልም። የመጀመሪያውን ቀን ለመንገዱ ብቻ ስጡት። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስታችሁ ማታ አዋሽ ሰባት ኪሎ እደሩ፣ በማግስቱ ፓርኩ ሲከፈት በሩ ላይ ሁኑ። እስከ 4 ሰዓት ተኩል ሠርታችሁ ከወጣችሁ ማታ ድሬ ትገባላችሁ። ሁለት አዳር ከቻላችሁ ከሰዓት በኋላውን ለፈንታሌ ተራራና ለበሰቃ ሐይቅ ማዋል ይቻላል። የኤሌክትሪክ ባቡሩም አማራጭ ነው፤ ነገር ግን አዋሽ ላይ መኪና መከራየት ግድ ይላል። ከሁሉ በላይ ሐዲዱ የሚሄደው በቆላው በመሆኑ የጨርጨርን ትምህርት ያስቀራል።

ያ ትምህርት ደግሞ የጉዞው ግማሽ ነው ብንል አላጋነንንም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ ላይ ስትወጡ 2,000 ሜትር አልፋችኋል፣ ቁልቢ ከዚያም ይበልጣል፤ ከዚያ ሂርና፣ ጭሮ፣ ሚኤሶ እያለ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ይወርዳል። ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ የሚባለው የመጽሐፍ ሠንጠረዥ በአንድ ቀን በመስኮት ያልፋል። አምስት ቦታ ላይ ለአሥር አሥር ደቂቃ አቁሙ፦ ደንገጎ፣ ቁልቢ፣ ሂርና፣ ጭሮ፣ ሚኤሶ። በየማቆሚያው ተማሪዎቹ አራት ነገር ይመዝግቡ፤ ከፍታ (የስልክ መተግበሪያ ይበቃል)፣ የአየር ሙቀት፣ በዓይን የሚታይ ዋና ሰብል፣ በዓይን የሚታይ ዋና የዱር ዛፍ። ጫትና ማሽላው የት ላይ እንደሚበዛ፣ ጽዱ የት እንደሚጠፋ፣ ግራሩ የት እንደሚጀምር ራሳቸው ያገኙታል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁሌም አንድ ነው፤ ቴርሞሜትሩን ከመኪናው ጥላ፣ ከሞቀው ቆርቆሮ አጠገብ ይይዙታል። ከመኪናው ሃያ እርምጃ ርቆ፣ በትከሻ ከፍታ፣ በጃንጥላ ጥላ ሥር ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ሌላው ሰዓቱ ነው። ደንገጎ ላይ በጠዋት፣ ሚኤሶ ላይ ከሰዓት በኋላ የተለካ ሙቀት ከፍታን ብቻ አያሳይም፣ የቀኑንም ሙቀት ይጨምራል። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀት 0.65 ዲግሪ ይቀንሳል የሚለው ሕግ ከቁጥራቸው ጋር ሳይገጥም ሲቀር አትደንግጡ። ለምን እንዳልገጠመ መጠየቅ ራሱ ጥሩ የፈተና ጥያቄ ይወጣዋል።

አሁን ወደ ፓርኩ። አዋሽ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሥርቶ በ1969 በሕግ የጸና፣ ከአገሪቱ ቀደምት ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ ነው። ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አውራ ጎዳና መሐሉን ሰንጥቆ ያልፋል። በደቡብ በኩል የኢላላ ሳላ ሜዳ፣ ፏፏቴውና ገደሉ አሉ፤ በሰሜን የፈንታሌ ተራራና ፍልውሃው። ለትምህርት ቤት የሚመቸው ደቡቡ ነው። የፍልውሃው መንገድ ለኮስተር የማይሆን፣ ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ መኪና የሚፈልግ ስለሆነ ከዕቅዳችሁ አውጡት።

ኢላላ ሳላ ላይ የሚሠራው ቆጠራ ነው። መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሂድ፤ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ቆጣሪ፣ አንድ ጸሐፊ። ሳላ፣ የሜዳ ፍየል፣ ከርከሮ፣ ሰጎን፤ ከአራት ዝርያ በላይ አትጨምሩ። ለእያንዳንዱ መንጋ ሰዓት፣ ብዛትና ከመንገዱ ያለው ርቀት ይጻፋል። በተመሳሳይ መንገድ ስትመለሱ መቁጠር ክልክል ነው፤ አለዚያ አንዱን መንጋ ሁለት ጊዜ ትቆጥራላችሁ። ርቀት ላይ ተማሪዎች ክፉኛ ይሳሳታሉ፣ ጠፍ ሜዳ ዓይን ያታልላል። መፍትሔው ከጉዞው በፊት በትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ላይ 50 እና 100 ሜትር በካስማ እየለኩ ዓይንን ማለማመድ ነው። ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ሌላ ነገር አሳዩአቸው። ሳላው ጥላ አጥቶ ሜዳ ላይ ሲቆም አይሞትም፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ እንዲወጣ ይለቀዋል እንጂ ቶሎ አያልበውም፣ ውሃውን ይቆጥባል። ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም በአፍንጫው በኩል ከሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም አጠገብ ሲያልፍ ይበርዳል። የሰውነት ሙቀት ቁጥጥር ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም።

ለእኛ የአዋሽ ትልቁ ሀብት ግን ዝንጀሮው ነው፤ የሚያሳዝነውም ብዙ መምህር «ዝንጀሮማ እኛም አገር ሞልቷል» ብሎ ማለፉ ነው። እዚህ ሁለት ዝርያ ይገናኛል። በደረቁ በኩል ያለው ሐማድሪያስ ነው፤ ወንዱ ብርማ ጋማ እንደ ካባ የደረበ፣ ፊቱና መቀመጫው ቀላ ያለ። በፏፏቴውና በወንዙ ዳር ደን ያለው አኑቢስ ነው፤ ጸጉሩ ወይራማ ቡኒ፣ አፉ ረዘም ያለ፣ ጅራቱ ከሥሩ ተነስቶ እንደተሰበረ እጥፍ የሚል። በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ ሁለቱ ተዳቅለው ልጆቻቸውም ወልደው ይኖራሉ፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሳይንቲስቶች ሲመላለሱበት የኖረ የድቅል ቀጠና ነው። «ዝርያ ማለት ከሌላው ጋር ተዳቅሎ የሚወልድ ልጅ የማያፈራ ነው» የሚለውን ትርጓሜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ከሆነ፣ ተማሪው እዚህ ቆሞ ትርጓሜውን ሲጠራጠር ታያላችሁ። ለድሬዳዋ ልጅ ደግሞ ጉዳዩ የቤቱ ነው። የሐማድሪያስን ማኅበራዊ ኑሮ ለዓለም ያስተዋወቀው የስዊሱ ተመራማሪ ሃንስ ኩመር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመስክ ጥናቱን ያካሄደው እዚሁ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ኤረር ጎታ አካባቢ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መንጋው ከተገኘ በኋላ ቢያንስ 30 ሜትር ርቃችሁ፣ ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) ባሳያችሁ ቦታ፣ ሳትንጫጩ ተቀመጡ። በየአምስት ደቂቃው፣ ለግማሽ ሰዓት፣ እያንዳንዱ ቡድን ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ይቃኝና የሚታየውን ሁሉ በአራት ዓምድ ይክፈል፦ እየበላ፣ እየሄደ፣ ቅማል እየለቀመ፣ እያረፈ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ጎልማሳው ወንድ ሴቶቹን ይከታተላል ወይስ ሴቶቹ ወደፈለጉበት ይሄዳሉ? ሐማድሪያስ ወንድ የራሱን ሴቶች ሰብስቦ ይጠብቃል፣ የራቀችውን አንገቷን ነክሶ ይመልሳል። አኑቢስ ዘንድ ሴቶቹ ከተወለዱበት መንጋ አይወጡም፣ የሚሰደደው ወንዱ ነው። ይህን ልዩነት በዓይኑ ያየ ተማሪ ስለ ባህርይና ስለ ውርስ የሚጠይቀው ጥያቄ ከመጽሐፉ ይበልጣል። ምሳ ግን ከዝንጀሮና ከጦጣ ፊት አይፈታም። ሙዝ አንዴ የተወረወረለት መንጋ ለቀጣዩ ተማሪ አደገኛ ሆኖ ይቆያል፤ ምግቡን መኪና ውስጥ ዘግታችሁ ያዙ።

ስካውቱን በተመለከተ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ስካውት ጥበቃ ነው፤ መሬቱን፣ ዱካውንና አደጋውን ያውቃል። መምህር ሆኖ እንዲያስረዳ መጠበቅ ግን በእርሱም በተማሪውም ላይ መፍረድ ነው። ማስረዳቱ የእናንተ ነው። ወረቀት አዘጋጅታችሁ ካልሄዳችሁ ፓርኩ አይሰጣችሁም። በዋናው መሥሪያ ቤት ያለችው አነስተኛ ሙዚየም ግን ለሃያ ደቂቃ ታስፈልጋለች፤ የራስ ቅሎቹን ጥርስ እያሳያችሁ ሥጋ በልንና ሣር በልን ለማነጻጸር፣ በተለይ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል።

ፏፏቴውን ከመመልከቻው ብቻ እዩት። ወንዙ ውስጥ አዞ አለ፤ «ትንሽ እግሬን ልንከር» የሚል ልጅ ሁሌም ይኖራልና አንድ መምህር ከሁሉም ኋላ ይቁም። ጂኦግራፊው እዚያው ነው፦ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያበቃ ወንዝ። የክረምቱን ቡናማ ጎርፍና የጥርን ውሃ በሁለት ፎቶ አነጻጽሩ፤ ደለሉ ከየት እንደመጣ፣ ቆቃ ግድብ ላይ ምን እንደሚሆን ይነጋገሩ።

ሁለተኛ አዳር ላላቸው፣ ከመተሐራ ወጣ ብሎ በሰቃ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ፣ ዛሬ ከ40 በላይ የሆነ፣ መንገድና ሐዲድ ያስነሳ ሐይቅ ነው። ውሃው እጅግ አልካላይን ስለሆነ የፒ ኤች ወረቀት (አሲድነትንና አልካላይንነትን በቀለም የሚያሳየውን) ብትነክሩበት ቀለሙ ወዲያው ይናገራል። አብሮ የታሸገ ውሃና የሎሚ ጭማቂ ያዙ፤ ሦስቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ነው ትርጉም የሚሰጠው። አጠገቡ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የቀዘቀዘ ላቫ ነው፤ ፈንታሌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንኳ ላቫ አፍስሷል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ ሕዝብ ከቀዬው ተነስቷል። ስምጥ ሸለቆው በዓመት በሚሊሜትር የሚቆጠር እየሰፋ ነው የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተማሪው ከዚህ ወዲያ እንደ ተረት አይሰማውም። ለዚሁ ሲባል፣ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት የአካባቢውንም የመንገዱንም ደኅንነት ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከሚመለከታቸው አካላት ማጣራት ግድ ነው።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሙቀቱ ትምህርቱን ይበላዋል። በአንድ ተማሪ በቀን ሦስት ሊትር ውሃ፣ ከላይ ደግሞ ለመኪናው ሃያ ሊትር። አካባቢው የወባ ነው፤ እጀ ረጅም ልብስ፣ ለማደሪያ አጎበር። ለ30 ተማሪ አራት መምህር፣ ከነዚህ አንዷ ሴት ብትሆን ብዙ ችግር ይቀላል። መነጽረ ርቀት ስድስት ይበቃል፤ ባለ 8 አጉሊው ይሻላል፣ ባለ 12ው በልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል። ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ ማኅተም፣ የተማሪ ብዛት፣ ክፍልና ዓላማ ተጽፎበት ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይድረስ፤ የመግቢያ፣ የመኪናና የስካውት ክፍያ ለየብቻ ስለሆነ ሦስቱንም ጠይቃችሁ ጻፉ። የውጭ ዜጋ መምህር ካላችሁ የእሱ ታሪፍ ሌላ ነው። ናሙና መቁረጥና መሰብሰብ ካሰባችሁም በደብዳቤው ላይ ይጠቀስ፤ ሳይፈቀድ ቅጠል እንኳ አይወጣም።

ባቢሌ ሌላ ዓለም ነው። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ፣ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ በኤረር፣ በጎበሌና በዳካታ ሸለቆዎች የተዘረጋ ነው። ከሐረር ባቢሌ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኗ ቅርብ ይመስላል፤ ዝሆኑ ግን ቅርብ አይደለም። አስፋልቱን ለቆ በጠንካራ መኪና፣ ከዚያም በእግር፣ በቁልቋልና በእሾህ መሐል ነው የሚደረሰው። ዝሆኑ ከገበሬው ጋር በማሳ የሚጋጭ፣ ሰው ሲያይ የሚቆጣ ነው። ለተማሪ «ዝሆን አሳያችኋለሁ» ብሎ ቃል የሚገባ መምህር ራሱን ችግር ውስጥ ይከታል፣ ልጆቹንም ለአደጋ ያስጠጋል። «የዝሆን ዱካ እንለካለን» ይበል፤ ያ ሁሌም ይሳካል።

ዱካው እንዲህ ነው የሚለካው። ከአሸዋማ ደረቅ ወንዝ ላይ ጥርት ያለ የእግር አሻራ ፈልጉ። ክቡ የፊት እግር ነው፣ ሞላላው የኋላ፤ ብዙ ጊዜ የኋላው የፊቱን ረግጦት ስለሚያልፍ ሙሉ ክብ እስክታገኙ አትቸኩሉ። ሲባጎ ወስዳችሁ በአሻራው ጠርዝ ዙሪያውን አስኪዱት፣ የሲባጎውን ርዝመት በሜትር ለኩ፣ በሁለት አባዙ። የወጣው ቁጥር ዝሆኑ እስከ ትከሻው ያለው ቁመት ነው፣ በግምት። 1 ሜትር ከ30 ዙሪያ ያለው አሻራ 2 ሜትር ከ60 የሚቆም እንስሳ ነው። ተማሪዎቹ አንዱን በሌላው ትከሻ ላይ አቁመው ቁመቱን በዓይነ ሕሊና ሲያዩት ፊታቸው ይለወጣል። አሥራ አምስት አሻራ ከለካችሁ ትንንሾቹንና ትልልቆቹን በግራፍ አስቀምጡ፤ መንጋው ግልገል እንዳለው ዝሆኑን ሳያዩ ያውቃሉ። ስህተቱ የሚመጣው ከለስላሳ አሸዋ ነው፤ ጠርዙ ተንዶ አሻራው ይሰፋል፣ ዝሆኑም በወረቀት ላይ ግዙፍ ይሆናል። እርጥብ ሆኖ የደረቀ ጭቃ ምርጥ ነው።

ቀጥሎ ፋንድያው። ዝሆን ከሚበላው ግማሹን እንኳ በወጉ አይፈጭም፣ ስለዚህ በደረቅ ፋንድያ ውስጥ ሙሉ ፍሬ ይገኛል። በጓንት፣ በዱላ ፈልቅቃችሁ ፍሬዎቹን በመልክ ለዩ። በመጠለያው የተስፋፋው ቁልቋል ፍሬው ለዝሆኑ መብል ነው፤ ፍሬው ሲበላ ዘሩ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ልጆቹ ከፋንድያው ውስጥ መልሰው ያነቡታል። ከዚህ ጋር አያይዛችሁ የፕሮሶፒስን (የወራሪውን እሾሃማ ዛፍ) ጉዳይ አንሱ፤ አዋሽ ላይም፣ ድሬዳዋ ዳር ላይም ያለው ይኸው ታሪክ ነው። ፍየል ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩን በበጠጥ ይዘራል። የድሬዳዋ ትምህርት ቤት ይህን ለማየት ነዳጅ ማቃጠል እንኳ አያስፈልገውም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ 20 የፍየል በጠጥ ክምር መፈተሽ ይችላል።

የባቢሌው ዝሆን በሳይንስ ሎክሶዶንታ አፍሪካና ኦርሊያንሲ ተብሎ ተጠርቷል። በአገራችን ምሥራቅ ተነጥሎ የቀረ ሕዝብ ነው፤ ተነጥሎ መቅረት፣ የመኖሪያ መጥበብና የዘር ብዝኃነት መመናመን የሚሉት የ12ኛ ክፍል ቃላት እዚህ አድራሻ አላቸው። የሐረር ልጅ ስለ ዝሆን ከኬንያ ፎቶ መማሩ ሁሌም ያስቆጨናል።

ክፍሉ 40 ተማሪ ከሆነና ባጀቱ የአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ወደ መጠለያው ውስጥ አትግቡ። በጅጅጋ መንገድ ባቢሌን አልፋችሁ ዳካታ ላይ አቁሙ። አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድሮ የቆመው የግራናይት ድንጋይ ከአስፋልቱ ይታያል፣ ኮስተር ይደርሳል። ድንጋዩ በስንጥቁ በኩል ውሃ ገብቶ ጥጉን እያሟሸሸ፣ ሙቀትና ብርድ ቆዳውን እንደ ሽንኩርት እየላጠ እንዳከበበው ተማሪው በእጁ ዳስሶ ያየዋል፤ የተላጠውን ቅርፊት ውፍረት በማስመሪያ ይለካ። ከድሬዳዋም ቢሆን ሐረርን አልፎ ደርሶ መመለስ በአንድ ቀን ይሆናል። ድንጋዩ ላይ መውጣት ግን ይከልከል፤ የቆመው በሚዛን ነው፣ ሥሩም የላላ ነው።

የተሞላውን የቆጠራ ቅጽ ቅጂ ለፓርኩ ወይም ለመጠለያው ጽሕፈት ቤት ላኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ መነሻና መድረሻ፣ የመኪናው ፍጥነትና የቆጣሪ ብዛት ካልተጻፈበት ግን አትላኩት፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚሄደው ክፍል ሊያነጻጽርበት አይችልም።